ሰባተኛውን እንጠብቅለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ ተገረፈ፤ ኰበለለም። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን የወጣውን ትል አይቶ ግን ተመለሰ። «አይሆንልኝም» ብሎ ቀርቶ ቢሆን ዜማችን ከወዴት በተገኘ ነበር?

እዚሁ አትላንታ ያለው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል እንደሚገልጸው፥ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት የአሜሪካ ልጆች 11.4 በመቶው ኤዲኤችዲ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። ይህም ትኩረትን የመሰብሰብና ራስን የመግታት ችግር እንጂ ስንፍና አይደለም። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ፥ ቅብጥብጥ» እንለዋለን፤ ለአካለ መጠን ሲቃረብም ራሱን በዚያው ስም ያውቃል። በመምህርነታችን ዘመን እኛም ስንቱን እንዲህ ጠርተናል፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ወላጆች ሆይ፥ ጸሎቱም ሕክምናውም አይቅርበት። ስድስት ጊዜ ቢወድቅም ሰባተኛውን ጠብቁለት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።