ሰውነት እሺ እስኪል

በስቅለት ዕለት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የሚሰግደውን ሕዝብ ቆም ብሎ ላየ ሰው፣ የአዳም ልጅ ገላ ምን ያህል የተለያየ እንደሆነ ይገለጥለታል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ግንባራቸውን ከመሬት አድርሰው ያለ ምርኩዝ ይነሳሉ። ከጎናቸው ያለው ጎረምሳ ደግሞ ገና ዝቅ ሲል ወገቡ ይይዘዋል፤ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ መሬቱን በእጁ ገፍቶ በመከራ ይነሳል። ሁለቱም የመጡት በአንድ ልብ ነው። ለአንዷ የቀለለው ለሌላው ለምን ከበደ?

እኛ ቶሎ የምንደርስበት መልስ ወቀሳ ነው። ያልታጠፈውን ሰው ሰነፍ፣ አለዚያም ያለ ዕድሜው ያረጀ አድርገን እናየዋለን። እሱም ራሱን እንደዚያው ማየት ይጀምራል፤ «ሰውነቴ ተሳስሯል» ሲል ድምፁ ውስጥ ሐፍረት አለ። ስለ ገላ ባነበብሁና ባሰብሁ ቁጥር ይህ ሐፍረት ያለ ቦታው እንደገባ ይበልጥ ይታየኛል። እሱን ከላያችን ካወረድን ገላን የማላላቱ ሥራ ራሱ ይቀላል ብዬም አምናለሁ።

አጥንትን እንይ። የጭን አጥንት ክብ ራስ የሚገባበት የዳሌ ጎድጓዳ በአንዱ ሰው ጥልቅ ነው፤ በሌላው ብዙም አይጎደጉድም። የዚያው አጥንት አንገትም በሁሉም ሰው ላይ በአንድ ማዕዘን አልተሠራም። ጥልቅ ጎድጓዳ ይዞ የተወለደ ሰው ቁጢጥ ሲል አጥንቱ ከአጥንቱ ጋር ቶሎ ይገናኛል፤ መንገዱ እዚያ ላይ ያበቃል። እግሮቹን ከፈት፣ ጣቶቹን ወደ ውጭ ዞር ቢያደርግ ይወርድ ይሆናል። የጎረቤቱን አቋቋም ልምሰል ቢል ግን ዓመት ሙሉ ጡንቻውን ቢያሳስብም ያንን አጥንት አይለውጠውም። ተፈጥሮ የሰጠችው ልክ ነው።

በአጥንቶቹ ዙሪያ ያሉት ጅማቶችና ሽፋኖችም እንዲሁ ናቸው። ዋና መሥሪያቸው ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ሁሉ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋው እሱ ነው። አሠራሩ ከዘር ስለሚወረስ በአንዱ ቤት ልጆቹ ሁሉ ይተጣጠፋሉ፤ በሌላው ቤት አባትም ልጅም ጠጣር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፒተር ቤይተን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ አፍሪካ በጽዋና ሕዝብ ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ምን ያህል ትሄዳለች፣ አውራ ጣት ክንድን ይነካል ወይ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ መዳፍ መሬት ላይ ያርፋል ወይ እያለ የመገጣጠሚያን ልልነት ከ9 ነጥብ የሚለካው ዘዴ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በስማቸው ይጠራል። ጥናቱ ልልነት በልጅነት ዓመታት ውስጥ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ በሴቶችም ላይ ከወንዶች እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከጎረምሳው ይልቅ ለእናቲቱ የቀለለበት አንዱ ምክንያት ይኸው የፆታ ልዩነት ሊሆን ይችላል። እጅግ የላላ ገላ ግን የራሱ መከራ አለው፤ ትከሻው በትንሽ ነገር ይወልቃል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል፣ መገጣጠሚያው ያለ ዕረፍት ያመዋል። የተጣጣፊውን ሰው ዕድል የምንመኝ ሁሉ ይህን አንርሳ።

ጠጣርነት ደግሞ በረከት የሚሆንበት ቦታ አለ። ሯጭ መሬት ሲረግጥ የተረከዙ ጅማት ተለጥጦ ኃይል ያጠራቅማል፤ እግሩ ሲነሳ ያንኑ ይመልስለታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በረጅም ርቀት ሯጮች ላይ የታተመ ጥናት፣ ዳሌያቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ጠበቅ ያሉት በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ ያነሰ ኦክስጅን እንደሚያስፈልጋቸው አግኝቷል። በሩጫ በምንኮራበት አገር ያልተጣጠፈን ገላ ሁሉ እንደ ጉድለት መቁጠራችን ይገርመኛል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከአጥንትም ከጅማትም ይልቅ ሐሳቤን የሚይዘው ነርቭ ነው። ትከሻቸው የተያዘ አንዳንድ ሕመምተኞች ሙሉ ማደንዘዣ ወስደው ሲተኙ፣ ክንዳቸው ነቅተው ሳሉ እምቢ ካለበት አልፎ ሲሄድ ታይቷል። ጡንቻው አጭር ሆኖ አልነበረም ማለት ነው፤ የከለከለው አእምሮና ነርቭ ናቸው። በማሳሳብ ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ይበልጥ መታጠፍ የሚችለው ጡንቻው ስለረዘመ ሳይሆን መወጠሩን መቻል ስለለመደ ነው። ነርቭ እንደ ደጅ ጠባቂ ዘበኛ ነው። የማያውቀው ሰው በሩን ቢገፋ ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ በየማለዳው በሰላምታ የሚመጣውን ግን አንድ ቀን ራሱ ከፍቶ ያስገባዋል። ስለዚህ የተሳሰረ ገላ ጠላት ሆኖ አይታየኝም። ክልከላው ጥበቃ ነው፤ ከዚህ በፊት ያልሄድንበትን መንገድ አደጋ እንዳለበት አድርጎ ስለሚያይ ነው። እሱን በግድ ከመርታት ይልቅ ማሳመን ይሻላል።

ማሳመኛው ደግሞ የየዕለት ኑሮ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ከአሰላ አካባቢ ከቤቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ማታ 10 ኪሎ ሜትር ይመለስ ነበር። ደብተር ይይዝበት የነበረው ግራ ክንዱ ሪከርድ በሚሰብርባቸው ዓመታት እንኳ ደብተር እንደያዘ ሁሉ ታጥፎ ይታይ ነበር። ጡንቻም ልማድን በሥጋው ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1972 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የድመቶችን የባት ጡንቻ አሳጥረው በጄሶ አሰሩት። ከአራት ሳምንት በኋላ ጡንቻው በርዝመቱ ከተደረደሩት ጥቃቅን ክፍሎች ወደ 40 በመቶ አጥቶ ተገኘ፤ ጄሶው ሲወልቅ ግን መልሶ ሠራቸው። ቀን ሙሉ የምንቀመጥበት ወንበር ጄሶ አይደለም። ቢሆንም ዳሌና ጉልበት ለስምንትና ለዘጠኝ ሰዓት በአንድ ማዕዘን ሲቆዩ፣ ያልተጠየቁትን መንገድ ቀስ በቀስ ይተዉታል።

እናቶቻችን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ቡና አፈሉ፤ ቁጢጥ ብለው ልብስ አጠቡ፤ ጎንበስ ብለው እንጀራ ጋገሩ። ለጤና ብለው የመረጡት አልነበረም፤ ብዙው ድካም ነበርና ተመልሶ ይምጣ አልልም። ከድካሙ ጋር ግን ወደ መሬት መውረድንና ከመሬት መነሳትንም ከቤታችን እያስወጣን ነው። በጸሎት ውስጥ ግን ይህ እንቅስቃሴ ዛሬም አለ። አምስቱን የግዴታ ሶላት የሚሰግድ ሙስሊም በቀን 17 ረከዓ (የስግደት ዙር) አለበት፤ በየረከዓው ሁለቴ ሱጁድ ስለሚያደርግ ግንባሩን 34 ጊዜ ከመሬት ያገናኛል። በእምነቱ የሚያደርገው ለአምላኩ ነው፤ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። በብራዚል ዕድሜያቸው ከ51 እስከ 80 በሆነ 2,002 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አለ። ወለል ላይ ተቀምጠው ያለ ድጋፍ ለመነሳት የተቸገሩት፣ በተከታዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። መቀመጥና መነሳቱ በራሱ ዕድሜ ይጨምራል ማለት አይደለም። የጉልበት፣ የሚዛንና የመታጠፍ አቅማችን በአንድ ላይ የሚታይበት ግን እሱ ነው።

ታዲያ ልጀምር ለሚል ሰው የምለው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ገላ ይሙቅ፤ ለጥቂት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል። ከዚያ እስኪወጥር ሄዶ፣ ሕመም ሳይደርስ መቆምና ትንፋሽን በዝግታ ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት የታፋን የኋላ ጡንቻ በቀን አንዴ ለ30 ሰከንድ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ማሳሳብ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቷል፤ ወደ 60 ሰከንድ ማራዘሙ የጨመረው ነገር አልነበረም። የቁጥሩ ትንሽነት ደስ ይለኛል፤ ማንም ደሃ ነኝ፣ ጊዜ የለኝም የማይልበት ነው። ከማሳሳብ ባልተናነሰ የሚረዳው ደግሞ ጡንቻን እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ማሠራት ነው። የበር መቃን ይዞ፣ ተረከዙ ከመሬት የሚነሳበት ሰው ከሥሩ ስስ ጣውላ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ቁጢጥ ማለትና መነሳት፤ ሲለመድ ጣውላውን ማንሳት። ነርቭ አቅም ያለበትን ቦታ አይፈራም። ሳምንት ሙሉ ትቶ እሑድ ዕለት ገላን ማስጨነቅ ግን ጉዳት እንጂ ለውጥ አያመጣም።

በልምምድ ብቻ የማይፈታ መተሳሰርም አለ። በወጣትነት ጀምሮ ለወራት የዘለቀ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይና ሲንቀሳቀሱ የሚሻል የወገብ መያዝ የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ትከሻው ቢያዝ፣ ወይም ሁለት መዳፎቹን ለጸሎት እንደሚያጋጥም አድርጎ ሲያገናኝ ጣቶቹ አልገጥም ቢሉት፣ ስኳሩ መገጣጠሚያዎቹን እየነካ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገር። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ከማሳሸቱ በፊት ይህ ይቅደም።

በመጨረሻ አንድ ልመና ለስፖርት መምህራን አለኝ። ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት መንካት ያቃተውን ልጅ ጀርባውን አትጫኑት፤ በክፍል ጓደኞቹ ፊትም አታስቁበት። ያ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ከሌሎቹ የተለየ ዳሌ ይዞ ተወልዶ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ወር ከደረሰበት ትንሽ ዝቅ ማለቱን አይታችሁ ነጥቡን ስጡት።