የእሳት እራት መብራት የሚዞረው ወዶ ነው?



ትናንት ማታ ኮልፌ ከኢሻ ሶላት ስንወጣ የመንገድ መብራት ሥር ቆም አልኩ። የእሳት እራቶች መብራቱን እየዞሩ፣ እየተጋጩ ይወድቃሉ። አባቶቻችን ስም ሲያወጡለት አልተሳሳቱም፤ እሳቱ እራቱ የሚያደርገው ማለት ነው።

ብርሃን ስለሚወድ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎች የእሳት እራቶችንና ሌሎች በራሪ ነፍሳትን በፈጣን ካሜራ ቀረጹ። ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ መብራቱ አይበሩም፤ ጀርባቸውን ወደ እሱ ያዘነብላሉ። በሌሊትም ቢሆን ሰማይ ከምድር ይልቅ ብሩህ ነው። ጀርባውን ለብርሃን የሰጠ ላይና ታቹን ለይቶ ቀጥ ብሎ ይበራል። አላህ የሰጠው ሚዛን ይህ ነው። መብራት ሲያጋጥመው ግን ሰማዩን ያገኘ ይመስለዋል። ይዞራል፣ ይዞራል፣ መውጫው ይጠፋዋል። መብራቱ ከበታቹ ከሆነ ደግሞ ተገልብጦ ይወድቃል።

ሱብሃነላህ! ሚዛኑ አልተበላሸም። ያሳተው ሰማይ መስሎ የቀረበው መብራት ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት «ኡስታዝ፣ ቤቲንግ የገባሁት ቁማር ወድጄ አይደለም፤ እናቴን ላግዝ ብዬ ነው» አለኝ። አመንኩት። እናትን ማገዝ፣ ሪዝቅ መፈለግ ፊጥራ ነው። የዞረው ግን በሐሰተኛ ሰማይ ዙሪያ ነበር። የእናቱንም የወር አስቤዛ በላበት።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውን እሳት ባቀጣጠለ ሰው መስለዋል። ነፍሳት እሳቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ሰውየው ይከለክላቸዋል፤ እነሱ ግን ያሸንፉታል። እሳቸውም ወገባችንን ይዘው ከእሳት እንደሚመልሱን፣ እኛ ግን እየተሽቀዳደምን እንደምንገባበት ነገሩን።

ስለዚህ ወንጀል ውስጥ የወደቀ ጓደኛችሁን «አንተ አብቅቶልሃል» አትበሉት። ነቢያችን ያደረጉትን አድርጉ፤ ወገቡን ያዙት።

እናንተም ከእሳት እራት የምትለዩበት አንድ ነገር አለ። እሱ መብራቱን ማጥፋት አይችልም፤ እናንተ ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ የሚያዞራችሁን ያ አፕ ታውቁታላችሁ። ዛሬ ዐስር ሳይሰገድ አጥፉት፤ ከዚያም ዉዱእ አድርጋችሁ ሁለት ረከዓ የተውባ ሶላት ስገዱ።

ያ አላህ፣ እውነተኛውን ብርሃን አሳየን፤ ከሐሰተኛውም ጠብቀን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን አትርሱ፤ በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ። ጁምዓ ሙባረክ!