መምህሩ ተማሪ ሲሆን



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችኋል፤ ያልቀራችሁም ፀሐይ ሳትጠልቅ ትቀራላችሁ ኢንሻአላህ። በዚህች ሱራ ውስጥ አንድ የመምህር ታሪክ አለ። ዛሬ እሱን ይዘን ትንሽ እንቀመጥ።

ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) አላህ ያናገራቸው፣ ተውራት የተሰጣቸው፣ የአንድ ሕዝብ መሪና አስተማሪ ነበሩ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ አንድ ቀን በበኒ ኢስራኢል ፊት ቆመው ሲናገሩ ከሰው ሁሉ ዐዋቂው ማን እንደሆነ ተጠየቁ። እሳቸው እንደሆኑ መለሱ። አላህም እሳቸው የማያውቁትን የሚያውቅ ባሪያ ሁለቱ ባሕሮች በሚገናኙበት ስፍራ እንዳለ ነገራቸው። ሙሳ ምን አደረጉ? አላኮረፉም፣ «ይምጣና ያስረዳኝ» አላሉም። ዓሣ በቅርጫት ይዘው፣ አንድ ወጣት አስከትለው መንገድ ገቡ። ደከማቸው፣ ራባቸው፣ መድረሻቸውን አልፈው ተመለሱ። ኸድርን ሲያገኙም እንዲከተሏቸውና እንዲማሩ ፈቃድ ጠየቁ። ነቢይ ሆነው ደረሳ ሆኑ።

ይህን ይዘን ወደ ኮኪት እንውረድ።

ኮኪት ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚበቅልበት፣ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚሻገርበት፣ የሱዳን ድንበር የማይርቅበት አገር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስተምር መምህር ዕድሜውን ሙሉ መሣሪያው ጠመኔ፣ ሰሌዳና ድምፁ ነበሩ። አሁን ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ጓደኛው ስለ ጎግል ፎርምስ ያወራል። ሌላው በቴሌግራም ትምህርት ይልካል። ተማሪው ደግሞ የቤት ሥራውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ አሠርቶ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ተሰጠ። የኮኪት ልጅም ነገ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ያን ቀን ማውስ ስትይዝ እጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ጥያቄውን አላወቀችም ብለን እንፈርድባት ይሆን? ወይስ ቀድሞ ያላስለመዳት ሰው አለ?

የመምህሩ ፈተና ገንዘብና ኔትወርክ ብቻ አይደለም። ልቡ ውስጥም አንድ ነገር አለ። ሀያ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ትናንት የቀጣው ልጅ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይጫኑ» ሲለው ምን ይሰማዋል? ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ሙጃሂድ ዕውቀት ሁለት ሰዎችን እንደሚያመልጣቸው ያስተምሩ ነበር፤ የሚያፍረውንና የሚኮራውን። ወላሂ ብዙ መምህራን አዲስ ነገር የማይሞክሩት ሰንፈው አይደለም። ተማሪ ፊት እንዳይሳሳቱ ፈርተው ነው። ለእነሱ የሙሳ ታሪክ እዝነት ነው። ኸድር ገና ከመጀመሪያው መታገሥ እንደማይችሉ ነገሯቸዋል፤ ሙሳም ሦስት ጊዜ ቃላቸውን መጠበቅ አቃታቸው። ከነቢይነታቸው ግን የተቀነሰ ነገር የለም። አዲስ ነገር የሚማር ሰው መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፤ ደንቡ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «መሣሪያው ራሱ ያስተምር የለ? መምህሩ መማሩ ለምን አስፈለገ?» ይላል። የዚህን መልስ ታላላቆቻችሁን ስለ «ፕላዝማ» ጠይቃችሁ አግኙት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። ሒሳቡም ፊዚክሱም በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ የሚያስረዳው ሰው በስክሪኑ ላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ ይናገራል። ኸይር ጎን ነበረው፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ሙከራ በዓይኑ አየ። ነገር ግን ስክሪኑ አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። ያልገባው ልጅ እጁን እንዳወጣ ይቀራል። ለመምህሩ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። መብራት ከሄደ ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ልጁን የሚያውቀው መምህሩ ነው፤ መሣሪያውን የሚያዘው ግን ሌላ ነበር። ሁለቱ ካልተገናኙ ስክሪኑ ቢያበራም ክፍሉ ጨለማ ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን መምህሩ ይወቀው። ግን በምን ኒያ?

ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረዲየላሁ ዐንሁ) አስታውሱ። ረሱል (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) መዲና ሲገቡ ዘይድ የ11 ዓመት ልጅ እንደነበር ይዘገባል። ረሱል በደብዳቤ ጉዳይ የሚተማመኑበት ሰው አስፈለጋቸው፤ ዘይድም የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት። ቲርሚዚ በዘገቡት መሠረት ግማሽ ወር ሳይሞላ ተማረው። የሌላ ሕዝብ ጽሕፈት ነው ብሎ አልሸሸም፤ «ከባድ ነው» ብሎም አልዘገየም። የተማረውም ለመታየት አልነበረም፤ ኡማው ስለሚፈልገው ነው። ከረሱል ሞት በኋላ አቡበክር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ቁርኣንን የማሰባሰቡን ከባድ አማና የሰጡት ለዚሁ ወጣት ነው። በትንሹ የታመነ ትልቁ ተሰጠው።

የመሣሪያን ወሰን ደግሞ ከሎሕ እንማር። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ኸልዋዎች ልጆች እስከ ዛሬ በእንጨት ሎሕ ላይ ቁርኣን ይጽፋሉ። ልጁ በቀለም ይጽፋል፣ ይሐፍዛል፣ ለሸኹ ያሰማል፣ ካለፈ ሎሑን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ሎሑ ጠቅሞታል፤ ነገር ግን አልሐፈዘለትም። ሸኹ ካልሰማው ደግሞ ልጁ ስሕተቱን ሐፍዞ ይቀር ነበር። ስልኩም ላፕቶፑም እንደዚያው ናቸው። የልጁን ልፋት የሚተካ መሣሪያ የለም፤ የመምህሩን ጆሮ የሚተካም የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መምህር የሆንክ ወንድሜ፣ መምህርት የሆንሽ እህቴ፣ ወይም ነገ ለመሆን ኮሌጅ ያላችሁ፣ አራት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ አሥር መሣሪያ አታሳድዱ፤ አንድ ምረጡ። ለምሳሌ ጎግል ፎርምስ። ጥያቄዎቹን ታስገባላችሁ፣ ቅንብሩን ወደ ፈተና ትቀይራላችሁ፣ ትክክለኛውን መልስና ነጥቡን ትሞላላችሁ። የምርጫ ጥያቄ ከሆነ ራሱ ያርማል፤ ብዙ ተማሪ የሳተውን ጥያቄም ለይቶ ያሳያችኋል። የ60 ልጅ ወረቀት በማረም የምታጠፉት ማታ ተረፋችሁ ማለት ነው። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ለምን አዋላችሁት? ጥያቄውን ከሳተው ልጅ ጋር ከተቀመጣችሁበት ያተረፋችሁት ኸይር ነው። በስልክ ወሬ ካለቀ ግን መሣሪያው የጠቀመው ስንፍናችሁን ነው።

ሁለተኛ፣ ለኮኪት የሚሆነውን ምረጡ። ሁሉም ተማሪ ስልክ የለውም፤ ኔትወርኩም አይታመንም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩትን እወቁ። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። ኮሊብሪ የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ በግቢው ውስጥ በዋይፋይ ለሌሎች ያካፍላል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፌት ደግሞ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሙከራዎችን በስክሪን ላይ ያሠራል፤ እሱም ይወርዳል። ጎንደር ስትወጡ ጥሩ ኔትወርክ ባለበት አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ይዛችሁ ውረዱ። ሙሳ ለመንገዳቸው ስንቅ ይዘው አልነበር? የእናንተ ስንቅ ይህ ነው።

በኮሊብሪ ውስጥ በዐረብኛ የተዘጋጀ ትምህርትም አለ። ይህን ለምን አነሣሁት? ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የሱዳኑ ጦርነት ብዙ ቤተሰብ በመተማ በኩል አሻግሯል። ትምህርቱ ተቋርጦበት፣ አማርኛ ሳያውቅ አጠገባችሁ የተቀመጠ ልጅ ካለ፣ ሒሳቡን በቋንቋው ልታሳዩት የምትችሉበት መንገድ በእጃችሁ ነው። የስደተኛን ልብ መጠገን ቀላል ምንዳ አይደለም።

ሦስተኛ፣ አጣሩ። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የማያውቀውን በሙሉ ልብ ሆኖ ይናገራል፤ የሌለ መጽሐፍ ይጠቅሳል፣ ረሱል ያልተናገሩትን ሐዲስ ነው ሊል ይችላል። ለማስታወሻ ዝግጅት ተጠቀሙበት፤ ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ሳታመሳክሩ ወደ ክፍል አትግቡ። የዲን ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ወደ ዓሊም ውሰዱት።

አራተኛ፣ የልጆቹን ገመና ጠብቁ። የተማሪን ውጤት ከነስሙ በቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ማዋረድ ነው። የልጅቷን ፎቶ ቤተሰቧ ሳይፈቅድ መበተን አማናን ማጉደል ነው። በፊት የውጤት መዝገቡን ሣጥን ውስጥ ትቆልፉ ነበር፤ ዛሬ ቁልፉ የይለፍ ቃላችሁ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ስልክ በእጃችሁ እንደ ውኃ ወደሚፈስላችሁ ወጣቶች እመለሳለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ሰምታችሁ መምህራንን ብቻ አትውቀሱ። ፊደል ያስቆጠሯችሁ መምህር ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት ናቸው። እናንተ በአንድ ሰዓት የምታሳዩዋቸው ነገር እሳቸው ብቻቸውን ቢሞክሩት ወር ይፈጅባቸው ይሆናል። ዕውቀትን ተጠይቆ የደበቀ ሰው የሚጠብቀውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ ታውቃላችሁ።

ስታሳዩ ግን አደብ ይኑራችሁ። ተማሪ ባለበት አታሳዩ፤ ለብቻቸው ቤታቸው ሂዱ። «ቀላል እኮ ነው» አትበሉ፤ ላልለመደው ሰው ቀላል አይደለም። ስልኩን ከእጃቸው ነጥቃችሁ ራሳችሁ አትሥሩላቸው፤ የራሳቸው ጣት ይጫን። ደረጃዎቹን በአማርኛ በወረቀት ጻፉላቸው። ሦስት ጊዜ ቢጠይቁ ሦስት ጊዜ መልሱ፤ እሳቸው «ሀ»ን ስንት ጊዜ እንዳስደገሟችሁ አስቡ። ስትወጡም ዱዓ አስደርጉ፤ ያስተማራችኋቸው እናንተ ብትሆኑም ዱዓው የእሳቸው ነው።

ለራሳችሁም ጨምሩ። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ የዌብ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጣል። ተማሩት። ሰርተፍኬቱን ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ ብቻ ከሆነ ግን ምንዳው እዚያው ላይክ ላይ ያልቃል። ለአንድ መምህር፣ ለአንድ መድረሳ፣ ለአንዲት ታናሽ እህት ካሻገራችሁት ይቀጥላል።

ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት ነው። አንድ መምህር በደንብ ያዘጋጀው የጥያቄ ቅጽ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሊተላለፍ ይችላል። እሱ አፈር ከገባ በኋላ አንዲት የማያውቃት ልጅ ልትማርበት ትችላለች። እንግዲህ ከመግሪብ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፤ ያስተማራችሁን አንድ መምህር ደውሉላቸውና «ጋሼ፣ ቅዳሜ ልምጣ?» በሏቸው። መምህር የሆናችሁ ደግሞ ያንን ልጅ ሲመጣ በራችሁን ክፈቱለት።

አላህ ሆይ! የሚጠቅመንን አስተምረን፣ ባስተማርከን ጥቀመን፣ ዕውቀትንም ጨምርልን። መምህሮቻችንን ጠብቅልን፤ ለመማር የሚጎነበስ ልብ ስጣቸው፣ ስጠን። የኮኪትን፣ የመተማንና የአገራችንን ልጆች ከጦርነትና ከመሃይምነት ጠብቅ፤ የተሰደዱትን በሰላም ወደ ቤታቸው መልስ። ኣሚን።

በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።