ፍየሏ ስትሸጥ ኪሳራው የማን ነው?

ዓረፋ በተቃረበ ቁጥር እኛ የከተማ ሙስሊሞች ስለ በግና ፍየል የምናነሳው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ዘንድሮ ስንት ገባ?» እንላለን። ዋጋው ከተወደደ ነጋዴውን እናማለን፤ ከረከሰ አልሐምዱሊላህ ብለን እንገዛለን። ያ ከብት ከየት ተነስቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ማን አትርፎበት ማን ከስሮበት ደጃችን እንደደረሰ ግን አንጠይቅም። እኔ ሸዋ ሮቢት የተወለድኩ የፍየል ነጋዴ ልጅ ነኝና ስለዚህ ሒሳብ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ።

የይፋት ቆላ ጥንትም የንግድ በር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የአፋር ሲራራ ነጋዴዎች ጨው በግመል ጭነው አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ይወጡ ነበር። ዛሬ ከሸዋ ሮቢት አልፎ ደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰንበቴ፣ ስሟ እንደሚያመለክተው፣ እሑድ እሑድ ትደምቃለች። አፋሩ ግመልና ፍየሉን ከበረሃ እየነዳ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ያመረተውን ይዞ ይወጣል። ከብቱን ሸጦ እህል የሚገዛውና እህሉን ሸጦ ከብት የሚገዛው የሚገናኙት እዚያ ነው።

ነጋዴውን በደፈናው መውቀስ ተገቢ አይደለም። ፍየሏን ከገዛ በኋላ ለደላላ፣ ለቀረጥ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመኪና፣ ለድርቆሽ፣ ለሌሊት ጠባቂ ይከፍላል። መኪናው ከሮቢት ሐሩር ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማበር ዋሻ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ሙቀት የለመደች የቆላ ፍየል ያን ውርጭና ጭጋግ በሌሊት ታገኘዋለች። አዲስ አበባ ሳትደርስ የምትሞት አለች፤ የሞተችዋም ከነጋዴው ኪስ ናት። አባቴ ይህን ሁሉ ቆጥረው «የኛ ትርፍ የመንገድ ደሞዝ ነው» ይሉ ነበር። ትክክል ነበሩ። አላህ (ሱ.ወ) ንግድን ሐላል አድርጓልና እንዲህ ደክሞ ያተረፈ ሰው ማንንም አላስቀየመም።

የኔ ጥያቄ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ስላልተመዘገበው ወጪ ነው። እስቲ ከእንስሳዋ ልጀምር። እግሯ ታስሮ፣ ሌላዋ ላይዋ ላይ ተጭናባት፣ ውሃ ሳትቀምስ ያደረችውን ሌሊት የሚከፍላት የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ የመዲና ሰው አትክልት ሥፍራ ገብተው ያለቀሰውን ግመል እንባ እንደጠረጉለትና ባለቤቱን ጠርተው ስላስራበውና ስላደከመው እንደወቀሱት በአቡ ዳውድ ተዘግቧል። ይህን ሐዲስ በየመስጊዱ ሰምተነዋል። የጭነት መኪና ኋላ ቆሞ ያሰበው ግን ስንቱ ነው? እኛም ብንሆን በጉን ስናርድ ቢላው ይሳል አይሳል እንከራከራለን እንጂ ትላንት ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ አንጠይቅም።

ስለ ማጭበርበሩ ብዙ አልናገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጨው አብልቶ ውሃ በማጠጣት ሆዷን መንፋት፣ ጡቷ እንዲሞላ ሳያልቡ ገበያ ማውጣት የታወቀ ዘዴ ነው። ሁለተኛውን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ከልክለውታል፤ የተታለለው ገዥ በሦስት ቀን ውስጥ ከአንድ ቁና ተምር ጋር እንዲመልሳት ፈቅደውለታል። በዓረፋ ሰሞን ደግሞ ነገሩ ከገንዘብም ያልፋል። ዓይነ ሥውርነቷ፣ በሽታዋ ወይም አንካሳነቷ ግልጽ የሆነ፣ ወይም መቅኔዋ ያለቀ ከሲታ ለኡድሒያ አትበቃም። የእግሯን ጉዳት ደብቆ የሸጠ ሰው የገዥውን ዒባዳም አብሮ ነክቷል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ውሸት የሌለበት ሽያጭ ነው። ዝናብ ከቀረ በኋላ በሰንበቴ የሚሆነውን አስቡት። አፋሩ እህል ማግኘት አለበት፤ ያለው ፍየል ብቻ ነው። እንደሱ የቸገራቸው ብዙ ናቸውና ገበያው በከሳ ፍየል ይሞላል፤ የፍየል ዋጋ ይወርዳል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የረሃብ ጥናት የ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎን እልቂት ሲመረምሩ የአርብቶ አደሩን መከራ ያዩት በዚህ በኩል ነው፤ ከብቱ ከማለቁ ሌላ የተረፈችውም ከብት የምትገዛው እህል አንሶ ነበር። በአዋሽ ሸለቆ የግጦሽ መሬቱ ለእርሻ ልማት መወሰዱም ተጨምሮበታል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅም አፋር ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር።

አንድ የሮቢት ነጋዴ ይህን ሳነሳበት «ወላሂ እኔ ባልገዛው ፍየሏ እጁ ላይ ትሞት ነበር፤ ልጆቹ የበሉት በኔ ብር ነው» አለኝ። መልሱን አላቀለልኩበትም። ነጋዴዎች በድርቅ ዘመን ሁሉም ቢሸሹ አርብቶ አደሩ የባሰ ይጎዳል። ዑለሞችም በዕዳና በረሃብ ተገፍቶ የሸጠ ሰው ሽያጩ የጸና ነው ብለዋል፤ ሆኖም እንደ አል-ኸጣቢ ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ገንዘቡን በርካሽ ከመውሰድ ማበደርና ማገዝ እንደሚሻል ጽፈዋል። ስለዚህ ነጋዴው ይግዛ፤ ይህን አልከለክልም። ዋጋው እንዴት እንደተቆረጠ ግን እጠይቀዋለሁ። ከጓደኞቹ ጋር ተማክረው «ከዚህ በላይ እንዳንሰጥ» ብለው ከሆነ፣ ያተረፈው ትርፍ አባቴ ከሚሉት የመንገድ ደሞዝ አይቆጠርም።

ሸሪዓችን ይህን ቀዳዳ ቀድሞ አይቶታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሸቀጡን ይዞ የሚመጣውን የባላገር ነጋዴ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተቀብሎ መግዛትን ከልክለዋል፤ የተገዛበትም ሰው ገበያ ገብቶ ዋጋውን ሲያውቅ ሽያጩን ማፍረስ እንዲችል አድርገዋል። በአንጻሩ ከተሜው ለበረኸኛው ደላላ ሆኖ በሕዝቡ ላይ ዋጋ እንዳያንር ከልክለዋል። አንደኛው ለሻጩ፣ ሁለተኛው ለገዥው የቆመ ነው። ዛሬ የበረሃውም ሰው ተንቀሳቃሽ ስልክ እየያዘ ነው፤ አዲስ አበባ ዘመድ ካለው ደውሎ የሾላን ዋጋ ይጠይቃል። ይህን የሚጠላ ደላላ አጋጥሞኛል። ለምን እንደጠላው ራሱን ቢጠይቅ መልሱን ያገኘው ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱን የከለከለ ሐዲስ አላገኘሁም። አፋሩ ከሩቅ መጥቷል፤ ሳይሸጥ ቢመለስ ፍየሏን በረሃውን መልሶ ሊነዳት፣ ያለ እህል ቤቱ ሊገባ ነው። ገዥው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ረፋዱ ላይ ዋጋ ጠርቶ ዘወር ይላል፤ ሻይ ይጠጣል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ፣ ተመልሶ መጥቶ ከረፋዱ ዝቅ አድርጎ ይጠራል። አልዋሸም፤ አላስገደደም፤ የጠበቀው ሰዓት ብቻ ነው። አባቴ ይህን ያደረጉ ዕለት አላስታውስም፤ ረፋዱ ላይ የጠሩትን ዋጋ ማታም ይከፍሉ ነበር። በዚህም ምክንያት በሮቢት ካሉት ነጋዴዎች ሀብታሙ አልነበሩም። በሚቀጥለው እሑድ ግን አፋሮቹ ፍየላቸውን መጀመሪያ የሚያሳዩት ለሳቸው ነበር።