ለታመመ አረጋዊ የሚቀርብ ማዕድ

የተራበን ማብላት ከትሩፋት ሥራ ሁሉ ቀድሞ የሚጠራ ነው። ዳሩ ግን ምጽዋት የሚመዘነው በሰጪው ልግስና ብቻ ነው ወይስ በተቀባዩም ጥቅም ጭምር? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ማዕድ ፊት ሲቆሙ ከባድ ሆኖ ይገኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኅዳር 12 ቀን በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ከማኅበርተኞቻችን ጋር ዝክር ይዘን ወደ አንድ መጦሪያ ቤት ሄደን ነበር። ድፎውን ባርከን ስናድል አንድ አረጋዊ እጃቸውን ሰበሰቡ። እኛ ግን ትሕትና መስሎን «አባባ፣ የመልአኩ ዝክር ነው፤ ይቅመሱ እንጂ» እያልን አጥብቀን ለመንናቸው። የካህንን እጅ መመለስ ከብዷቸው ተቀብለው ጎረሱ። ወዲያው ትን አላቸው፤ ፊታቸውም ተለዋወጠ። አስታማሚዋ ሮጣ ደርሳ፣ ጎንበስ አድርጋ ጀርባቸውን እየመታች ጉርሻውን አስወጣችላቸው። ለካ ከስትሮክ ሕመም የተነሣ የመዋጥ ኃይላቸው ደክሞ፣ ሐኪሙ የላመ መብል ብቻ እንዲቀርብላቸው አዝዞ ኖሯል። እስትንፋሳቸው ሲመለስ የመጀመሪያ ቃላቸው «አባታችን፣ ዝክሩን አበላሸሁብዎ፤ ይፍቱኝ» የሚል ሆነ። ይቅርታ መለመን የሚገባን ግን እኛ ነበርን።

ሐኪም ለሕመምተኛ የሚወስነው መብል እንደ መድኃኒት የሚቈጠር ነው። የልብ ድካም ያለበት ሰው ጨው ሲበዛበት ውኃ በሰውነቱ ይጠራቀማል፤ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹም ያጥራል። ለጤነኛ ሰው እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። የስኳር ሕመም ኖሮበት በኢንሱሊን መርፌ የሚረዳ አረጋዊም መርፌውን ተወግቶ ሳይበላ ቢቈይ፣ የደሙ ስኳር ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

በዚህ ነገር የአበው ትምህርት ዝም አላለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ወይን እንዲወስድ ሲመክረው ጥቂት ብሎ ወስኖለታል፤ መድኃኒትነቱ በመጠኑ ነውና። የሐዋርያት ቀኖናም ጾምን ሲያዝዝ የሥጋ ድካም የከለከለውን ለይቶ ይተወዋል። እንግዲህ ሕመምተኛውን ስለ ጤናው ከጾም የፈታች ቤተ ክርስቲያን፣ በዝክር ስም እንዲጎዳ እንዴት ትፈቅዳለች?

ይሁን እንጂ በሌላው ወገንም ስሕተት አለ። ትእዛዙን ብቻ እያየ ሰውየውን የማያይ አስታማሚ ፍቅርን አጉድሏል። ጨው የሌለው ወጥ ዘወትር ሲቀርብለት ማዕዱን እየተወ የሚከሳ አረጋዊ አለ፤ እጅግ የጠበቀ ክልከላ አረጋውያንን ለምግብ እጥረት እንደሚዳርግ የሕክምና ሰዎችም ይናገራሉ። እንዲህ ሲሆን አስታማሚው ተደብቆ ጨው አይጨምር፤ ጨክኖም ዝም አይበል። ለሐኪሙ ይንገር፤ ትእዛዙ ተመርምሮ ሊላላ ይችላልና። አእምሮው ያልደከመ አረጋዊም ጉዳቱ በግልጥ ተነግሮት እምቢ ቢል፣ ይመከራል፣ ይለመናል እንጂ አይገደድም፤ አይታለልምም። ነጻ ፈቃድ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፤ በእርጅናም አይሻርም።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፣ ዝክር ይዛችሁ ወደ አረጋውያን ስትሄዱ ከማኅበራችሁ አንዱ አስቀድሞ ሄዶ ማን ምን እንደሚበላ ይጠይቅ። ለልበ ድካሙ ጨው ያነሰበት ወጥ፣ መዋጥ ለተሳነው የላመ መብል ለብቻው ቢሰናዳ ዝክሩ አይጎድልም። አገልጋይ ካህናትም «ዝክር አይጎዳም» እያልን ሕመምተኛውን በክብራችን አናስጨንቀው።

እኛም በዓመቱ ወደዚያው ቤት ስንመለስ፣ አስታማሚዋ በነገረችን ልክ የወፈረ አጥሚት ይዘን ሄድን። ከእኒያ አረጋዊ አጠገብ ተቀምጠን በማንኪያ ቀስ እያልን አቀረብንላቸው። ጠጥተው ሲጨርሱ መረቁን፤ የዚያን ዕለት ዝክሩ እንደ ደረሰ ዐወቅን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።