ማኅበሩ የማን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። የተማሪዎች ማኅበር ለምን ያስፈልጋል ብሎ ለሚጠይቅ አዲስ ገቢ ተማሪ ከዚህ ያጠረ መልስ አይገኝም። ይሁን እንጂ ተረቱ ሳይናገረው ያለፈው አንድ ነገር አለ። ሃምሳው ሰው ሁሉ እኩል ትከሻ ያለው አድርጎ ይቆጥራል። ለመሆኑ ከሃምሳው አንዱ አስቀድሞ ሌላ ጭነት የተሸከመ ቢሆንስ? ማኅበሩ «ለሁሉም አንድ አንድ ሎሚ አድያለሁ፣ ፍትሕ ማለት ይኸው ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ይችላልን?

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ እኩል መስጠትና እኩል ማድረግ አንድ ናቸው ወይ?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ ወደ አብደራፊ እንውረድ። ክረምት ሲገባ ከጎንደር ደጋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሌላም ሌላም አገር «ሳሉግ» የሚባለው ወቅታዊ ሠራተኛ ወደዚያ ይጎርፋል። ሰሊጥ ያርማል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ያጭዳል። ሁሉንም አንድ ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ሁሉም ከአንድ ዳስ ሥር ይተኛሉ። ማታ ከዋልካው መሬት ስንጥቅና ከግራሩ ሥር የአሸዋ ዝንብ ትወጣለች። በንድፊያዋም ካላ አዛር የሚባለውን፣ ካልታከመ የሚገድለውን በሽታ ታስተላልፋለች።

ዝንቧ አድልዎ አታውቅም፤ ያገኘችውን ሁሉ ትነድፋለች። ነገር ግን በብዛት የሚታመመው ማን ነው? ከደጋ አዲስ የመጣው ነው። ሰውነቱ ከበሽታው ጋር አልተዋወቀም። አጎበር የለውም። ምግቡ የሳሳ ነው። ጤና ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ንድፊያው እኩል ሆኖ ሳለ ጉዳቱ እኩል ያልሆነው ንድፊያው በሚያርፍበት ሰው ኑሮ ምክንያት ነው። በአብደራፊ ለዓመታት ይህን በሽታ ሲያክሙ የቆዩት ድንበር የለሽ ሐኪሞች «እኩልነት ይከበር» ብለው ለታመመውም ላልታመመውም አንድ ዓይነት መርፌ ቢወጉ ምን እንላቸው ነበር? ዕብደት ነው እንላለን። ታዲያ ሐኪም ቢያደርገው ዕብደት የሚሆነው ነገር ማኅበር ሲያደርገው እንዴት ፍትሕ ይሆናል?

ወንድሞችና እህቶች፣ ዩኒቨርሲቲም ለአንዳንዱ ተማሪ እንደ አብደራፊ ቆላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውሳለን። ጭራሽ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ «ሪሜዲያል» የሚባል ትምህርት መጣና በየግቢያችን አዲስ ዓይነት ተማሪ ተፈጠረ፤ ግቢው ውስጥ እየኖረ ገና ተማሪነቱ ያልጸና ተማሪ። ስለ እርሱ በማኅበር ስብሰባ የሚናገር ማን ነው? የመምረጥ መብትስ አለው ወይ?

ይህ ብቻም አይደለም። ከመተማና ከቋራ በኩል የሚመጣ የጉሙዝ ልጅ እቤቱ ሌላ ቋንቋ እየተናገረ አድጎ በአማርኛ ሲያወራ ይሳቅበታል። የቆላው ልጅ አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ ይዞ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ይጣላል። ማየት የተሳናት ተማሪ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ሳለ የሚያነብላት ታጣለች። ጿሚው የአዳራሹ ሰዓት አልመች ብሎት ጦሙን ያድራል። ሴቲቱ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ ክፍሏ የምትወስደው መንገድ መብራት የለውምና መጽሐፏን በጊዜ ታጥፋለች። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለሁሉም እስከ ሌሊት ክፍት ነው። ንድፊያው እኩል ነው ማለት ነው!

የኢትዮጵያ ተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ነገር አለው። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ይህን ያለው አብዛኛው ራሱ የሚያርሰው መሬት ኖሮት አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. ለማኞች ሾላ በሚባል ሠፈር ታጉረው መያዛቸውን ሰምቶ ድህነት ወንጀል ነውን ሲል ጠየቀ። ድምፅ ለሌለው ድምፅ መሆን ማለት ይህ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ በስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ ሴት ተማሪዎች የተሳተፉበት የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ሕዝብ በተራበበት አገር የምዕራባውያን ቅንጦት ማሳያ ነው በማለት ተማሪዎች ተቃወሙ። ቁጣው ከመሬት የበቀለ አልነበረም፤ በቂ ምክንያት ነበረው። ግን ምን ሆነ? እንቁላል ተወረወረ፤ ሰዎች ተዋከቡ። በግቢው ውስጥ በቁጥር ጥቂት የነበሩትን ሴቶች «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ቀድሞ መጠየቅ ለብዙኃኑ አልታየውም። ስለ ሕዝብ ክብር የተነሣ ቁጣ የገዛ እህቶቹን ክብር ረግጦ አለፈ።

ሾላ ያለውን ለማኝ ያየ ዓይን አጠገቡ ያለችውን እህቱን ለምን አላየም? የሩቁን ጭቁን መደገፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ከመንግሥት ጋር ያጣላልና። የቅርቡን መደገፍ ግን ከዚያ የሚከብድ ነገር ይጠይቃል፤ ከራስ ምቾትና ከራስ ልማድ ጋር ያጣላል። ለሾላው ለማኝ ስንጮኽ የምንከሰው ሌላውን ነው። ለመኝታ ክፍል ጓደኛችን ስንጮኽ ግን ከተከሳሾቹ መካከል እኛም አለንበት።

ይህን ከባዱን ነገር ለመናገር የደፈረ ጽሑፍ የወጣው በራሱ በማኅበሩ መጽሔት፣ በ«ታገል» ላይ ነው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጻፈ። የጋራ ብሔራዊ ልብስ የምንለው በእውነት የጋራ ነው ወይስ የአንዱን ልብስ ለሁሉም ያለበስነው ነው ሲል ጠየቀ። ዋለልኝ የወሎ አማራ ነበር፤ ጥያቄውን ያነሣው ከተጠቃሚው ወገን ሆኖ ነው። በደረሰበት መደምደሚያ እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ መከራከራችንም ደግ ነው። እኔ ማድነቅ የምፈልገው ግን ማኅበሩን ነው። ብዙኃኑን የሚያስቆጣ ሐሳብ በገዛ ገጹ አትሞ አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ። የማኅበር መሪ መሆን በዚያ ዘመን ከዚህ ጋር የተያያዘ ነበር።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህን ሁሉ ልዩነት ማንሣት ተማሪውን መከፋፈል አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተነሣ ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞተዋል፤ በሌሎችም ግቢዎች ተማሪው በብሔሩ እየተጠራ ሲደበደብና ሻንጣውን ይዞ ሲሰደድ አይተናል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «ስለ ልዩነት አታውሩብን» ቢል አይፈረድበትም።

ግን እስቲ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ተማሪ ሲታመም፣ ሲራብ፣ ሲሰደብ ማኅበሩ ዘንድ ሄዶ «ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው» የሚል መልስ ካገኘ ቀጥሎ ወዴት ይሄዳል? ወደ አገሩ ልጅ ነው። የአገሩ ልጅ ያስታምመዋል፤ ሳንቲም ያዋጣለታል፤ ሲመሽ ይሸኘዋል። ይህ ሰውነት ነው፤ አይነቀፍም። ነገር ግን አንድ ክፉ ቀን ሲመጣ ያ ያስታመመው ስብስብ «ና ከጎናችን ቁም» ይለዋል። ውለታ አለበትና እምቢ ማለት አይሆንለትም። ስለዚህ የከፋፈለን ስለ ልዩነት መናገራችን ብቻ አይደለም። ማኅበሩ የተወውን ሥራ ጎጥ ስለተረከበውም ነው።

መድኃኒቱ ታዲያ ወንበሩን በብሔር ማከፋፈል ነውን? አይመስለኝም። በብሔር ስም ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ የዚያው ብሔር የሆነችው ዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብላት እንዳጣች ላያውቅ ይችላል። ወንበር ውክልና ነው፤ እንክብካቤ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሥራውም ተራና አሰልቺ ነው። የምግብ ኮሚቴው ጾምን ቆጥሮ ሰዓት ይደራደር። ለማየት ለተሳናቸው የሚያነቡ ተማሪዎች በተራ ይመደቡ። ከቆላም ከሩቅም የመጣውን አዲስ ገቢ ነባር ተማሪ፣ በተቻለ መጠን ከሌላ አገር የመጣ ነባር ተማሪ፣ ተቀብሎ ጤና ጣቢያውን ያሳየው። የሪሜዲያሉ ተማሪ በስብሰባ ላይ ድምፅ ይኑረው። በየስብሰባው መጨረሻም አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ ዛሬ የወሰንነው ውሳኔ ከሌላው ይልቅ የሚከብደው ለማን ነው? እርሱስ እዚህ አለ ወይ?

እኩል መስጠት ቀላል ነው፤ ቆጥሮ ማደል ብቻ ይበቃል። እኩል ማድረግ ግን የእያንዳንዱን ትከሻ ማየት ይጠይቃል። ማኅበሩ የማን ነው ለሚለው ጥያቄም ከዚህ የተለየ መልስ የለኝም። ከግቢው ሁሉ በላይ የከበደው ተማሪ «የእኔም ነው» ሊል ሲችል ያን ጊዜ የሁላችንም ነው። እርሱ ይህን ማለት ካልቻለ ግን በደንቡ ላይ የሁሉም ነው ብለን መጻፋችን ወረቀት ማበላሸት ነው። የመጪው ዓመት ምርጫ ሲደርስ እጩዎቻችንን በዚህ እንመዝናቸው።