የሰንበቴው መሶብና የተራበው ጎረቤት

የክርስቲያን ማኅበር ለተራበ ምግብ መሰብሰቡ ከሐዋርያት ዘመን የጀመረ ነው። በኢየሩሳሌም ምእመናኑ ያላቸውን አንድ ላይ አድርገው ለመበለቶች በየቀኑ ያካፍሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በእደላው ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። ፍቅሩም እህሉም ባለበት ሰው እንዴት ይራባል? ጽሑፉ እህል አነሰ አይልም። የጎደለው፣ እህሉን ለሁሉም የሚያደርስ ሰው ነበር። ለዚህም ሰባት ሰዎች ተመረጡ። የሰባቱም ስም የግሪክ መሆኑን ሳይ፣ እደላው ቅር ለተሰኙት ወገኖች በአደራ የተሰጠ ይመስለኛል።

የጎደለው አዳራሽ እንጂ እህል አይደለም ማለት ለደህና ጊዜ እንጂ ለድርቅ ዘመን አይሠራም የሚል ሐሳብ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ369 ገደማ ቀጰዶቅያን ድርቅ መታት። አገሩ ከባሕር ስለሚርቅ እህል ከሌላ ማስመጣት ከባድ ነበር፤ እህል ያላቸውም ዋጋው እስኪንር ጎተራቸውን ዘግተው ይጠብቁ ነበር። በስሙ የተጠራ ቅዳሴ ያለን ቅዱስ ባስልዮስ፣ ያኔ ገና ቄስ ሳለ፣ ባለጎተራዎቹን በስብከቱ አስከፍቶ የተራቡትን በአንድ ቦታ ሰበሰበና ሾርባ አበላቸው። እዚያም እህሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ ተቆልፎበት ነበር።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የተራበን የማብላቱን ሥራ ከያዙት አንዱ ሰንበቴ የሚባለው ማኅበር ነው። ባለተራው እንጀራና ወጥ፣ ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያቀርባል፤ ሙሴ የሚባለው የሰንበቴው አለቃ ሥርዓቱን ይመራል፤ ነዳያንም ይካፈላሉ። ሰጪና ተቀባይ ከአንድ ድግስ መብላታቸው ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ይህ መሶብ የሚያጠግበው እዚያ የደረሰውን ብቻ ነው። መለመን የሚያሳፍረው ጎረቤት፣ አልጋ የያዙ ሽማግሌ፣ እስከ 40 ወይም 80 ቀን ቤተ መቅደስ የማትገባ አራስ፣ ሌላ እምነት ያለውም ጎረቤት ይቀራሉ። ለእነዚህ ከበሰለው ይልቅ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬና ዘይት ቢሰበሰብ ይሻላል፤ ቶሎ ሳይበላሽ እስከ ቤታቸው ይሄዳል። የማን ቤት ጭስ እንደማይወጣበት የሚያውቁት ደግሞ የእድር ሰዎችና ቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ የተቸገረውን ለመለየት ከምዝገባ በፊት እነሱን መጠየቅ ይገባል።

የሚከብደው ጥርጣሬ፣ ሰጪውም ድሃ ሲሆንስ? የሚለው ነው። በግእዝ ትርጉም የቆየልን የሄርማ መጽሐፍ፣ ጿሚ በጾሙ ቀን ሳይበላው የቀረውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት ወይም ለወላጅ አልባ እንዲሰጥ ያዛል። መንገዱ ቀና ነው። ነገር ግን ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሲገባ የብዙ ደገኛ ገበሬ ጎተራ ተሟጦ አዲሱ አዝመራ ገና አልደረሰም። ጓዳው ባዶ የሆነ ሰው ከጾሙ ምን ያተርፋል? ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ፣ ሰጪው እስኪቸገር እንዲሰጥ አልጠየቀም፤ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ነበር የፈለገው። በዚህ ሚዛን የነሐሴው መዋጮ ደመወዝ ባለውና በነጋዴው ምእመን ላይ ማረፍ አለበት። የገበሬው ድርሻ አውድማ ሲነሣ በጥር ቢገባና በሰንበቴው ቤት ከነቀዝ ተጠብቆ ቢቀመጥ፣ ለክረምቱ ይደርሳል።